የማዳም መኪና ዘይት

«እህቱን በአሮጌ ሞተር የሚለውጥ ሰው ካለ ሌላ ይፈልጉ፤ እኔ አይደለሁም» ሲል ኡሙኩልሱም የሰማችው በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ነው። ወንድሟ አንዋር ግቢው ውስጥ፣ ከጋዝ ሲሊንደሮቹ አጠገብ ቆሞ፣ ኮምቦልቻ ካለው አጎታቸው ጋር በስልክ ያወራል። እሷ በተቀጠረችበት የዓረብ ቤት የልጆቹን የቁርስ ሳህን እያጠበች ነበር፤ ቧንቧውን ቀስ ብላ ዘጋችው። አንዋር ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል። እህቱን ለትዳር የጠየቀው ሳሊሕ ስጦታ ብሎ የሰጠው ሞተር ሳይክል ገና ሳይለምደው መሞቱን፣ በሞተ ዕቃ ዝምድና የሚጀምር ሰው እህቱን በምን እንደሚይዛት አላህ ብቻ እንደሚያውቅ፣ ስለዚህ ዛሬ ከጁምዓ በኋላ አል አይን ሄዶ ሞተሩን ደጁ ላይ አውርዶለት፣ ቁርጡን ነግሮት እንደሚመለስ አስረዳ። አጎትየው የሚሉት አይሰማም። «እሷማ እኔ ካልኩት አትወጣም» አለ አንዋር በመጨረሻ። ኡሙኩልሱም ሳህኑን እንደያዘች ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ቧንቧውን መልሳ ከፈተችው።

በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ ነው እንዲህ የሚናገረው። እናታቸው ገበያ ስትውል አንዋርን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እንቅልፍ ሲወስደው አንገቷ ላይ የሚያንጠባጥበው ለሃጭ ዛሬም የሚታወሳት ጊዜ አለ። አሁን ግን አባታቸው በሕይወት ስለሌለ፣ በሃይማኖታቸው ደንብ ለኒካህ እጇን የሚሰጠው ወንድ እሱ ነው። እሱ «ሰጥቻለሁ» ካላለ ጋብቻ የለም። ጠያቂው ሳሊሕ አል አይን ባለው የጋራዦች ሰፈር፣ ሰናዒያ ውስጥ ሞተር ሳይክል የሚጠግን፣ በዕድሜ ጠና ያለ፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። በሰው አገር ሽማግሌ እንደልብ ስለማይገኝ ሽምግልናው የወደቀው ለሠርግና ለሐዘን ምግብ ሲያበስሉ ጠጉራቸው በሸበተው በእማማ ፋጡሜ ላይ ነበር። እማማ ፋጡሜ ሁለት ጊዜ ከአል አይን ታክሲ ተሳፍረው፣ አንዋር እስከሚሠራበት የግመል እርባታ ስዌይሃን ድረስ መጡ። ሁለቱንም ጊዜ አንዋር የግመል ወተት አጠጥቶ «እናስብበታለን» ብሎ መለሳቸው። ከእንግዲህ ጉልበታቸውም ክብራቸውም እንደማይፈቅድ፣ ሦስተኛ እንደማይሄዱ ተናግረዋል። ዛሬ አንዋር እምቢ ካለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ኡሙኩልሱም ደግሞ ሳሊሕን ትወደዋለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለሳሊሕ ለራሱም።

እሷ የምትሠራበት ባኒያስ ያለው ቤትና ስዌይሃን ያለው እርባታ የአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ እህትና ወንድም የሚሠሩት ለአንድ ካፊል፣ ለአንድ አሠሪ ነው። አንዋር ጁምዓ ጠዋት ጠዋት በእርባታው ፒካፕ ወተት ያመጣል፤ እሷ ከቤቱ የተረፈውን አጠራቅማ ትሰጠዋለች። ግማሽ የቀረ ሻምፑ፣ ልጆቹ የጠገቡት ብስኩት፣ ማዳም አንዴ ለብሳው «ኸላስ»፣ በቃኝ ያለችው ፎጣ የመሰለ ካፖርት፣ ሥሩ ላይ ጥቂት የቀረው ሽቶ፣ ሁሉም በኡሙኩልሱም አልጋ ስር ያልፋል። ደህና ደህናው ለአገር ቤት በሚላከው ካርቶን ይገባል፤ ቀሪው የአንዋር ነው። ከማዳም ቤት የወጣ ዕቃ ጉዳት ያመጣል ብላ የምትጠረጥር ሠራተኛ ባኒያስ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ዛሬ ግን በወር አንዴ የምታገኘው የዕረፍት ጁምዓዋ ነበርና እጇን አድርቃ፣ ሻርፏን ቀይራ፣ ልጆቹ ሳይተኙ እንድትመለስ የማዳምን ማሳሰቢያ ሰምታ ወጣች። አንዋር የፒካፑን በር ሲከፍትላት «አል አይን ሥራ አለኝ፤ እማማ ፋጡሜ ጋ ትውያለሽ?» አላት። ከእሱ ጋር እንደምትሆን ነገረችው። ስለስልኩ አንድም ቃል አልተነሳም።

ውጭው ጉም ነበር። በዚያ ወቅት አንዳንድ ጠዋት በረሃው ጉም ይለብሳል፤ አገር ቤትን የሚያውቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቢከፍት ተራራ የሚጠብቀው ይመስለዋል። የመብራት ምሰሶዎቹ ከወገባቸው በላይ የሉም። ከፊታቸው የሚሄደው የጭነት መኪና ቀይ መብራቱ ብቻ ይታይና እሱም ይጠፋል። ፒካፑ ውስጥ በርሲም ይሸታል፤ ለግመሎቹ የሚጫነው ለምለም ሣር በወንበሩ ስር፣ በመስኮቱ ጥግ፣ በአንዋር ጫማ ሳይቀር ገብቷል። ኡሙኩልሱም ይህን ሽታ በጣም ትወደዋለች። ራሷን በመስታወቱ ላይ አስደገፈች። አንድ ቦታ ላይ ግመሎች ከጉሙ ውስጥ ወጥተው በአጥሩ ጥግ ተሰልፈው አለፉ፤ እግራቸው ስለማይታይ በአየር ላይ የሚዋኙ ይመስሉ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር አብሯት አይቶ «አየሽ?» የሚላት ሰው ቢኖራት ምን ነበረበት ስትል አሰበች። ወንድሟ ግን የሚያስበው ለሳሊሕ የሚናገረውን ነው፤ ከንፈሩ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀስ ነበር።

ስዌይሃን ሲደርሱ ሞተሩን ለመጫን ወደ እርባታው ገቡ። የአንዋር ክፍል ከግመሎቹ ጋጣ ጀርባ በብሎኬት የተሠራች፣ አንድ አልጋና አንድ የምታንኳኳ ማቀዝቀዣ ያላት ክፍል ናት። ኡሙኩልሱም ብዙ ጊዜ ስላልመጣች ቆማ ዞር ዞር ብላ አየቻት። የቤቱ ዕቃ በሙሉ የሷ ነው ማለት ይቻላል። ማዳም የጣለችው ምንጣፍ፣ የልጆቹ አሮጌ ብርድ ልብስ ከነስዕሉ፣ መስኮቱ ላይ መጋረጃ የሆነው የሷ ሻርፕ። ከመስኮቱ ሥር ወርቃማ የሆነ የዘይት ጋሎን አንገቱ ተቆርጦ ምስማር ተቀምጦበታል። ጋሎኑን ስታየው ደስ አላት። የቤቱ ሹፌር የማዳምን መኪና ዘይት ሲቀይር የተረፈውን «ይሄ ከሁሉ ውዱ ነው» ብሎ ሲሰጣት፣ ወዲያው ወደ አእምሮዋ የመጣው ሳሊሕ ለአንዋር የሰጠው ሞተር ነበር። በዚያ ሻርፕ ጠቅልላ፣ እንዳይፈስ አፉን በላስቲክ አስራ ልካለት ነበር። አንዋርም በዚያው ቀን ደውሎ የድሮውን ዘይት ደፍቶ የማዳምን መቅዳቱን፣ አሮጌ ሞተር የባለጠጋ ምግብ እንዳገኘ ነግሯት አብረው ስቀዋል።

ሞተር ሳይክሏ ቀይ፣ የነዳጅ ጋኗ ላይ ቀለሟ የተላጠ፣ ዕድሜዋ ከአንዋር ብዙም የማያንስ ነበረች። አሁንም ትነሳለች፤ ትጮሃለችም። ችግሩ ድምፅዋ እንጂ ጉልበቷ ጎማው ጋ አይደርስም። በተለይ ስትሞቅ፣ ነዳጅ በተሰጣት ቁጥር እያገሳች ባለችበት ትቀራለች። አንዋር አሸዋ መሃል ላይ ስንት ጊዜ ገፍቷት እንደመጣ እያማረረ በጣውላ ላይ ወደ ፒካፑ አወጣት። ኡሙኩልሱም ከኋላ ገፋች። የሷ መግፋት ያሳፈረው ይመስል ፊቱን አዞረ።

አል አይን የደረሱት ለጁምዓ አዛን ሲባል ነው። ጉሙ ተገፎ ፀሐይዋ ነጭ ሆና ወጥታለች። አንዋር መስጊዱ አጠገብ አቆመና ሊሰግድ ገባ፤ እሷ መስኮቱን ከፍታ ቀረች። ሰናዒያው ዝግ ነበር። በሌላ ቀን መዶሻና መጋዝ የሚንጫጫበት መንገድ የብረት መዝጊያውን አውርዶ ተኝቷል፤ አንዲት ድመት ብቻ ከጎማ ወደ ጎማ ትዘላለች። የኹጥባው ስብከት ከድምፅ ማጉያው እየመጣ ሲርቅና ሲቀርብ ኡሙኩልሱምን ሸለብ አደረጋት። በሕልሟ የምትኖርበት ቤት መጣ። ሁለት ክፍል ነበር፤ ሳህኑ የራሷ፣ ቧንቧው የራሷ፣ በመስኮቱ ግን ጉም ብቻ ይታያል። አንድ ሰው ከጉሙ ውስጥ ሞተር እያስነሳ እምቢ ይለዋል፤ እሷ በሩን ከፍታ ልትረዳው ትፈልጋለች፤ በሩ እጀታ የለውም። የፒካፑ በር ሲዘጋ ነቃች። አንዋር ሰግዶ ተመልሷል፤ ግንባሩ ላይ የምንጣፉ ምልክት አለ።

ሳሊሕም ከመስጊድ መመለሱ ነበር፤ ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ የጋራዡን መዝጊያ ወደ ላይ ሲገፋ አገኙት። እንደሚመጡ አላወቀም። ኡሙኩልሱምን ሲያይ እጁ መዝጊያው ላይ ቀረ። ከዚያ ሮጥ ብሎ የላስቲክ ወንበር አምጥቶ፣ አንዴ ጠርጎ፣ ጨርቁ የቆሸሸ መስሎት በአዲስ ጨርቅ ደግሞ ጠርጎ አስቀመጣት። ከማቀዝቀዣ የማንጎ ጭማቂ ሰጣቸው። አንዋር አልጠጣም። ሞተሯን ሲያወርዷት ግን የመጣበትን ነገር ወዲያው አልተናገረም፤ ሳሊሕ ዕቃውን ሲያይ ፊቱ ስለተለወጠ፣ መጀመሪያ እንዲያያት የተወው ይመስላል። ሳሊሕ ጀለቢያውን አውልቆ የሥራ ልብሱን ለበሰና ተንበረከከ።

በመጀመሪያ በግራ እጀታው ላይ ያለውን የፍሪሲዮን መያዣ ቀስ አድርጎ ጨበጠ፤ ለቀቀ፤ ደግሞ ጨበጠ። ካቮውን በጣቱ ተከትሎ እስከ ታች ወረደ። ሽቦው እንዳልረገበም እንዳልተወጠረም ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ተናገረ። ከዚያ አስነሳትና ከፍተኛው ማርሽ ውስጥ አስገብቶ፣ ፍሬኑን እንደያዘ፣ መያዣውን ቀስ እያለ ለቀቀ። ጤነኛ ብትሆን ኖሮ ሳል ብላ ትጠፋ ነበር። እሷ ግን ያለ አንዳች እፍረት ማጓራቷን ቀጠለች። ሳሊሕ አጠፋት። ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ ሞተሩ የሚሰጠውን ጉልበት ይዞ ለጎማው የሚያቀብለው እጅ ላልቷል ሲል አስረዳ። አንዋር ይህን ሲጠብቅ እንደነበረ ሁሉ «ስትሰጠኝም እንደዚሁ ነበር» አለ። ሳሊሕ ትሪ አምጥቶ ከሥሯ አደረገና ዘይቱን አወረደው።

ዘይቱ ቀጥኖ፣ ጠቁሮ፣ የተቃጠለ ነገር እየሸተተ ወረደ። ሳሊሕ በሁለት ጣቱ መሃል አሸት አሸት አደረገው፤ ወደ ብርሃኑ አወጣው፤ ደግሞ አሸው። ጊዜ ወሰደ። ብሎኖቹን ፈትቶ የቀኝ ጎኗን ክዳን አነሳ፣ የሚጫኑትን ሞላዎች አወጣ፣ ዲስኮቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ነጭ ጨርቅ ላይ ደረደራቸው። ኡሙኩልሱም አንገቷን አሰገገች። የሞተር ሆድ እንዲህ በሥርዓት የተደረደረ መሆኑን አታውቅም ነበር። ሳሊሕ አንዱን ዲስክ አንስቶ ለአንዋር ሰጠው። አልተበላም፤ ውፍረቱ እሱ ሲገጥመው እንደነበረው ነው። ፊቱ ግን ልሷል፤ እንደ ታጠበ ሳህን ያብረቀርቃል። የዚህች ሞተር ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ እየዋኘ መጨበጥ ያለበት ነው ሲል በዝግታ አስረዳ፤ የአዲስ መኪና ዘይት ደግሞ ማንኛውም ነገር እንዲያንሸራትት ተብሎ የሚሠራ ስለሆነ፣ ውድ በሆነ ቁጥር ለዚህች ይብስባታል።

«ይሄ የመኪና ዘይት ነው» አለ። «ማን ነው የሰጠህ?»

አንዋር ዲስኩን አገላበጠ። ኡሙኩልሱምን አላያትም፤ ባለማየቱ ግን ገባት። ወርቃማው ጋሎን ፊቷ ላይ ድቅን አለ፤ በላስቲክ ያሰረችው አፉ፣ የሳቁበት ስልክ። አንዋር ጆሮውን አከከና ከመንገድ ላይ እንደገዛው፣ ሻጩንም እንደማያውቀው ተናገረ። ሲዋሽ ጆሮውን የሚያከው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው። ጠዋት በስልክ ሰውየውን ሲሰድበው የነበረው አፍ አሁን ለሷ ሲዋሽላት ስትሰማ፣ እንባዋ ይምጣ ንዴቷ ለመለየት ተቸገረች። ሳሊሕ የአንዋርን ፊት ትንሽ ተመለከተ። እንግዳውን ያሳፈረው መስሎት ደንግጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ፣ ሞተሯን ሲሰጥ የምትፈልገውን ዘይት ነግሮ መስጠት እንደነበረበት ተናገረ።

መልካም ሰው አንዳንዴ በራሱ ላይ ገመድ ያቀብላል። አንዋር ገመዱን ያዘው። «ነበረብህ» አለ፤ ደረቱ ተነፋ፣ ዲስኩን ጨርቁ ላይ መልሶ አስቀመጠና ተነሳ። «እንግዲያው ጥፋቱን ራስህ ካመንክ ጥሩ። እኔም ዛሬ የመጣሁበት ጉዳይ አለኝ...»

«አንዋር፣ ተቀመጥ።»

ድምጿ የወንዝ ዳር ድምፅ ነበር፤ ልጅ ሳለ ውኃው ሲሞላ ከዳር እንዲመለስ ትጠራበት የነበረው። አንዋር ሳያስበው ተቀመጠ። ኡሙኩልሱም ጭማቂውን መሬት ላይ አኖረችው። ሳሊሕን ቀና ብላ አየችው፤ እስካሁን በእማማ ፋጡሜ በኩል ካልሆነ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተለዋውጠው አያውቁም።

«ዘይቱን የላክሁለት እኔ ነኝ» አለችው። «የማዳም መኪና ዘይት ነው። በእጄ ከገባው ነገር ሁሉ ውዱ እሱ ስለነበረ ለአገር ቤት እንኳ አልላክሁትም። አንተ የሰጠኸው ሞተር ነውና ዕድሜ እንዲኖረው ፈልጌ ነው።»

ከመንገዱ ማዶ ድመቷ አንድ ቆርቆሮ ጣለች። ሳሊሕ የያዘው ሞላ ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ እየነጠረ ሄዶ ኡሙኩልሱም እግር ሥር ቆመ፤ ሊያነሳው አልሞከረም። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ደስታ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። በእጁ አፉን ሊሸፍን ብሎ እጁ ዘይት መሆኑ ትዝ ሲለው ተወው፤ እንዲሁ ፊት ለፊት ፈገግ አለ። አንዋር ይህን አየ። ሁለቱን በየተራ አየና ጆሮው ድረስ ቀላ። እህቱ አፍ አውጥታ ሰው እንደምትወድ ስትናገር መስማት ለወንድም ከባድ ነው፤ ከዚያም በላይ የከበደው ግን ጠዋት በስልክ ያለው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

«በመስኮቱ ሰምተሽኛል?» አላት፣ ወለሉን እያየ።

«ቧንቧውን ዘግቼ ነበር» አለችው።

ሞላውን አንስታ ለሳሊሕ ሰጠችው። ከዚያ ወዲያ ሥራ ሆነ። አዲስ ዲስክ ቢገኝ ይሻል ነበር፤ ጁምዓ ነውና የመለዋወጫ ሱቁ ዝግ ነው። ሳሊሕ መስታወት አምጥቶ ብርጭቆ ወረቀት ዘረጋበትና የብረት ዲስኮቹን እንዴት ክብ ክብ እያደረጉ እንደሚያሹ አሳየ። አንዋር እጅጌውን ሰብስቦ ያለ ጥያቄ ተቀመጠ። ኡሙኩልሱምም ሻርፏን ወደ ኋላ አድርጋ አንዱን ያዘች። ሦስቱ በአንድ ጨርቅ ዙሪያ ተቀምጠው ሲያሹ ከውጭ ያያቸው ሰው አንድ ቤተሰብ እህል የሚለቅም ሊመስለው ይችላል። ልስላሴው እየጠፋ ብረቱ ፈዘዘ፣ ሸካራ ሆነ። ሳሊሕ ሁሉንም በቤንዚን አጥቦ፣ ለሞተር ሳይክል በሚሆነው ዘይት ውስጥ ነክሮ፣ አንድ በአንድ መለሳቸው። ዘይት እንዳያፈስ ከክዳኑ ሥር የሚገባ ጓርኒሲዮን ከወፍራም ወረቀት ላይ በትንሽ መዶሻ ጠርዙን እየመታ ቆርጦ አወጣ። ኡሙኩልሱም የመዶሻዋን ትክ ትክ እየሰማች ጊዜው እዚያው ቢቆም ምኞቷ ነበር። ሕልሟ ውስጥ ያየችው በር እጀታ የሌለው መሆኑን አስታውሳ ለሳሊሕ ልትነግረው አሰበችና ሌላ ጊዜ አለች።

ሞተሯ ስትነሳ ድምጿ ያው ነበር። አንዋር ልሞክራት ብሎ ወጣባት፤ መያዣውን ለቀቅ ሲያደርግ ጎማው ወዲያው ያዘና ወደፊት ወረወረው፤ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። በባዶው መንገድ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ጥግ ላይ ታጠፈ፣ ድምፁ ቀጠነ፣ ጠፋ። ሳሊሕ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጠበቀ። ኡሙኩልሱም ጠበቀች። የፀሐይዋ ብርሃን ከመዝጊያው ሥር ወደ ውስጥ ገባ። አንዋር አልተመለሰም። ፒካፑ ቆሟል፤ ቁልፉ ግን በኪሱ ነው። ተቆጥቶ ወደ ስዌይሃን መንገድ ይዞ ይሆናል፤ እምቢ ለማለት አፍሮ፣ እሺ ለማለት ኮርቶ፣ ዝም ብሎ ጥሏቸው ሄዶ ይሆናል። ይህን ሁለቱም አስበዋል፤ ሁለቱም አልተናገሩም። ሳሊሕ ካራክ ሻይ ላምጣ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ አይ፣ እዚሁ ሁን አለችው። የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት አዛን ተጀመረ።

አዛኑ ሲያልቅ ድምፁ ተመለሰ። አሁን ከበድ ያለ፣ በዝግታ የሚመጣ ነበር። አንዋር ከጥጉ ሲወጣ ከኋላው ሰው ተቀምጧል። ወደ ጎን የተቀመጡ፣ በአንድ እጃቸው ሻርፓቸውን፣ በሌላው የአንዋርን ሸሚዝ አንቀው የያዙ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቁርኣን የሚቀሩ እማማ ፋጡሜ ነበሩ። ሳሊሕ «ያ አላህ» አለ። ጋራዡ ደጅ ሲቆሙ እማማ ፋጡሜ ለመውረድ ሁለት ሰው አስፈለጋቸው። እግራቸው መሬት ሲረግጥ፣ ጠያቂው ቢቀር የሴት ወገን ራሱ ሄዶ ሽማግሌ በሞተር ጭኖ ሲያመጣ በዕድሜያቸው ሰምተው እንደማያውቁ፣ ይህም ሳይነገር የሚያልፍ ነገር እንዳልሆነ እየተነፈሱ ተናገሩ። አንዋር ላብ በላብ ሆኖ ነበር። እህቱን አላያትም፤ ለሳሊሕ ነው የተናገረው።

«ሁለት ሰው ጭናም አልተንሸራተተችም» አለ። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞረ። «እማማ፣ ሁለት ጊዜ መልሼዎታለሁ። እስኪ አሁን ይጠይቁኝ።»

ሴት ልጅ ስትጠየቅ እዚያው አትቆምም። ኡሙኩልሱም ወንበሯን ለእማማ ፋጡሜ ለቀቀችና ወደ ውጭ ወጥታ ከመዝጊያው ጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ውስጥ እማማ ፋጡሜ ጉሮሯቸውን ጠርገው በፈጣሪ ስም ጀመሩ። ሞተሯን ማጥፋት ግን ሁሉም ረስቶታል፤ አጠገቧ ቆማ እየተንደቀደቀች የሚባለውን ሁሉ ትሸፍንባታለች። ጥያቄው እንዳለቀ ያወቀችው ሁሉም ዝም ስላሉ ነው። ኡሙኩልሱም እጇን ዘርግታ የሞተሯን ቁልፍ አዞረች።

«ሰጥቻለሁ» አለ አንዋር።